በድረ ገጻችን ላይ የነበሩት ስድስት ሰዎች

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 12፥10-20



አብራም በረሃብ ምክንያት ወደ ግብፅ ሲወርድ ሚስቱን «እህቴ ናት» ብሎ እንዳሳለፋት ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ እናውቃለን። እኛ ባልና ሚስትም እናውቀው ነበር። የገባን ግን አንድ የካቢን ባለቤት ስልኩን ወደ እኛ አዙሮ ከጠየቀን ጥያቄ በኋላ ነው። ዛሬ ያንን እንመሰክራለን። ምስክርነቱ የሚያኮራን አይደለም፤ ጌታ ግን በእርሱ ስለተናገረን ለሌሎችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የምንኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኤስቲስ ፓርክ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ነው። ከተማዋ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ላደገ ሰው አየሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቋሚ ነዋሪዋ 6,000 ያህል ነው፤ ሰመር ሲገባ ግን መንገዱ በመኪና ይሞላል። ሴፕቴምበር ላይ ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ወደ ከተማው ወርደው ሲጮኹ ለመስማት ሰው ይጎርፋል። ኦክቶበር አጋማሽ ገደማ ተራራውን የሚያቋርጠው ትሬል ሪጅ ሮድ በበረዶ ይዘጋል፤ እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማም አይከፈትም። በእነዚያ ወራት ከእኛ ጋር የሚቀረው ነፋሱ ነው።

ሥራችን ድረ ገጽ መሥራት ነው። ደንበኞቻችን ካቢን የሚያከራዩ፣ ሞቴል ያላቸው፣ ፈረስ የሚያስጋልቡ፣ ዓሣ የሚያስጠምዱ ሰዎች ናቸው። እንግዳው በትልልቆቹ የማስያዣ ድርጅቶች በኩል ሲመጣ ከክፍያው 15 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በኮሚሽን ይሄድባቸዋል። በራሳቸው ገጽ በቀጥታ ካስያዘ ግን ገንዘቡ እጃቸው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገጹ ስልክ ላይ ቶሎ መከፈት፣ ፎቶው ማማር፣ ዋጋውና ክፍት ቀኑ በግልጽ መታየት አለበት። ብዙውን ሥራ የምናገኘው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። ሰመር ላይ ደንበኛው ጊዜ የለውም፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ደግሞ ገንዘብ የለውም። እንግዲህ የዓመት እንጀራችን በእነዚያ አራት ወራት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን 2020 ኢስት ትራብልሰም የተባለው ሰደድ እሳት ከተራሮቹ ማዶ ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ፤ ከተማው በሙሉ እንዲለቅ ታዘዘ። በቀትር ሰማዩ እንደ ምሽት ጨለመ። በመኪና በተጨናነቀው መንገድ ቀስ እያልን ወርደን ማታ ኦሮራ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወገኖች ቤት ደረስን። እራት ሳይቀርብ ስልካችን መጥራት ጀመረ። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ «ዝግ ነን፣ አትምጡ፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን ብላችሁ ጻፉልን» ይሉን ነበር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሰው ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠን ይህንኑ ጻፍን። ያን ሌሊት ማንም ፎቶ አሳምሩልን አላለንም፤ የሁሉም ፍላጎት ያለውን እውነት በትክክል ማስታወቅ ብቻ ነበር።

እሳቱ ከተማችን ሳይገባ በረዶ ጣለና ተረፍን፤ በማዶ በኩል ግን ቤታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው፤ ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ድረ ገጽ ቃል ነው፤ ሰው አምኖት መንገድ ይጀምርበታል» ማለት ልማዳችን ሆነ። ለደንበኛም ለወገኖችም እንናገረው ነበር። ንግግሩ እውነት ነው፤ እኛ ግን በእርሱ መመካት ጀምረን ነበር።

በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በርካታ ካቢኖች ያሉት አንድ ሰው አዲስ ገጽ እንድንሠራለት ጠየቀን። ክፍያው የሦስት ወር የቤት ኪራያችንን የሚሸፍን ነበር። ከሌሎቹ ፎቶዎች ጋር የሎንግስ ፒክን ፎቶ ላከልን፤ ጎህ ሲቀድ፣ ጫፉ ቀይ ሆኖ፣ በመስኮት በኩል የሚታይ። ሎንግስ ፒክ 4,346 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል። በጣም ያምራል። ችግሩ ካቢኖቹ ያሉት ሸለቆ ውስጥ፣ በጥድ መሀል ነው፤ ከአንዳቸውም መስኮት ያ ተራራ አይታይም። ፎቶው የተነሣው ሌላ ቦታ ነበር። ሰውየው ግን ከገጹ አናት ላይ፣ ከካቢኖቹ ስም ሥር እንዲሆን ፈለገ።

ጸለይንበት። ምሳሌ 11፥1 ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚለውን አነበብን። ከዚያም ቢሮው ሄደን በትሕትና፣ ቢያንስ ትሕትና በመሰለን ነገር፣ እንዲህ ያለውን ፎቶ እንደማናስቀምጥ ነገርነው፤ እንግዳው አምኖ ሰዓታት ነድቶ የሚመጣበት ቃል መሆኑንም አስረዳነው። ሰውየው እስክንጨርስ ዝም ብሎ አዳመጠን። ከዚያ ስልኩን አወጣ፣ የእኛን ገጽ ከፈተ፣ «ስለ እኛ» የሚለውን ነካና ወደ እኛ አዞረው።

«እነዚህ ስድስት ሰዎች እነማን ናቸው?» አለን።

ፎቶው ላይ ስድስት የማናውቃቸው ሰዎች በመስታወት በተከበበ ቢሮ ውስጥ ፈገግ ብለው ቆመዋል። አንዱ የቡና ኩባያ ይዟል። ከሥሩ «ቡድናችን» ይላል። ፎቶውን ሥራ ስንጀምር ከፎቶ መሸጫ ገጽ በጥቂት ዶላር ገዝተነዋል፤ በሕግ ምንም ነውር የለበትም። እውነቱ ግን ሁለት ነን። ቢሯችን የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ነው፤ መስኮቱም የሚያሳየው የጎረቤትን የጋዝ ታንከር ነው። ስማችን በገጹ ላይ የትም አልነበረም።

የምንመልሰው ጠፋን። «እናስብበት» ብለን ወጣን። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግን ለራሳችን ማስረዳት አያቅተንም ነበር። ስንጀምር ስልክ እየደወልን ሥራ እንጠይቅ ነበር፤ አነጋገራችንን ሲሰሙ ድምፃቸው የሚቀየር ሰዎች አጋጠሙን። ስማችንንና መልካችንን ያየ ሰው ሥራ አይሰጠንም ብለን ፈራን። «ለጊዜው» ተባብለን ስድስቱን ሰዎች ፊታችን ላይ አቆምናቸው። ጊዜው ሦስት ዓመት ሆነ።

ያን ማታ ዘፍጥረት 12ን አወጣን። አብራም ክፉ ሰው ስለነበር አልዋሸም። ረሃብ አሳድዶት የመጣ እንግዳ ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። የተናገረውም ፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ በዘፍጥረት 20፥12 እንደሚናገረው ሣራ በአባቱ በኩል እህቱ ነበረች። እኛም «ሁለት ሰው ቡድን አይባልም ወይ?» ብለን ራሳችንን አጽናንተን ነበር። ደግሞም ውሸቱ ከፈለው፤ በግም በሬም ግመልም አገኘበት። እኛንም ከፍሎናል። የሚያስፈራው ይህ ነው፤ የሚከስር ውሸት ቶሎ ይጣላል፣ የሚያተርፍ ውሸት ግን ቤት ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው። ውሸቱን የተናገረው አብራም ነው፤ ወደ ፈርዖን ቤት የተወሰደችው ግን ሦራ ናት። ከሁለታችን አንዳችን እንግሊዝኛው ስለሚቀለን ደንበኛ እናነጋግር ነበር። ሌላችን ገጾቹን በሙሉ እንነድፍ ነበር፤ ያውም አብዛኛውን ሥራ። ያ ከካቢኑ ባለቤት ጋር የተገናኘንበት ቀን ደግሞ ሁለታችንም አብረን ደንበኛ ፊት የቀረብንበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ ተከፍቶ ሳለ ንድፉን የሚሠራው አንዳችን እያለቀሰ፣ «ሦስት ዓመት የሠራሁት ሁሉ የእነዚያ ሰዎች ነው» አለ። በአንድ ቤት እየኖርን፣ በአንድ አልጋ እየተኛን፣ ይህ ሐዘን ከጎናችን መኖሩን አላወቅንም ነበር። ውሸታችን ማንንም አልጎዳም ብለን ነበር። የጎዳው እዚያው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ነው።

አብራምን የገሠጸውስ ማን ነው? ነቢይ አልተላከበትም። እግዚአብሔርን የማያውቀው ፈርዖን ነው «ምን አደረግህብኝ?» ብሎ የጠየቀው። አብራም መልስ እንደሰጠ አልተጻፈም። እኛም ለዚያ ሰው ስለ እውነት ልንሰብክ ሄደን በማቴዎስ 7 እንዳለው ሰው ሆንን፤ የወንድማችንን ጉድፍ ስናይ የራሳችንን ምሰሶ አላየንም። መንፈስ ቅዱስ በማይጠበቅ አፍ ይናገራል፤ ሲናገር ግን ድምፁ ይታወቃል።

እሑድ ለጸሎት ቡድናችን ነገርናቸው። አንድ ወንድም ፈገግ ብሎ ለመንገደኞቹ ስሙን «ማይክ» እያለ እንደሚነግራቸው ነገረን። «ታዲያ እኔም ዋሽቻለሁ?» አለ። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው መለሱለት፦ «ስም ማሳጠር ሁሉ ውሸት አይደለም ልጄ። ለሰው ምላስ ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ፈርቶ መደበቅ ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ልብህን ጠይቀው።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ምሳሌ 29፥25ን አስነበቡን፤ ሰውን መፍራት ወጥመድ እንደሆነና በእግዚአብሔር የሚታመን ግን እንደሚጠበቅ። «ወጥመድ እኮ የሚያምረው ከውጭ ነው» አሉን።

አዲሱን ፎቶ የጎረቤታችን ልጅ በስልክ አነሣን። ጠረጴዛው፣ ሁለቱ ላፕቶፖች፣ ጀበናው፣ እኛ። ከሥሩ ሙሉ ስማችንን ጻፍን፤ ሁለት ብቻ እንደሆንን፣ ባልና ሚስት እንደሆንን፣ ከኢትዮጵያ እንደመጣን፣ ንድፉን ማን እንደሚሠራ። ጽሑፉ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። ገጹን ለመልቀቅ ግን ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጸለይንና ቁልፉን ተጫንን።

ወደ ካቢኑ ባለቤትም ተመልሰን ሄድን። እውነት እንዳለው ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅን። ፎቶውን ግን አሁንም እንደማናስቀምጥ ነገርነው። ይቅርታችንን በደግነት ተቀበለ፤ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ተራራው ዛሬም በገጹ ላይ አለ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጁን ያነሣልናል፤ እኛም እናነሣለን።

ከዚያ ወዲህ ጌታ እጥፍ አድርጎ ባረከን ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን። የሆነው ግን ይህ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ደንበኞች ውላቸውን አላደሱም። ምክንያቱን አልነገሩንም፤ ኮሮናም ነበረ፤ በማናውቀው አንፈርድም። ኤፕሪል ላይ አንዳችን ሞቴል ክፍል እያጸዳን ኪራይ ከፈልን። ሌሎች ደንበኞች ቆይተው መጡ፤ ሥራው ዛሬም አለ፣ ዛሬም ጠባብ ነው። የተለወጠው ስልኩ ሲጠራ ሁለታችንም ማንሳታችን ነው። ደንበኛ ጋ ሁለታችንም እንሄዳለን። አንድ ገጽ አልቆ ሲለቀቅ «ይህን የሠራችው እሷ ናት» ይባላል። ለዚህ ስንት እንደከፈልን ብንጠየቅ፣ ዘግይተን መክፈላችን ብቻ ይቆጨናል።

አብራም ከግብፅ ሲወጣ ሀብቱን ይዞ ወጣ፤ እኛም በእነዚያ ሦስት ዓመታት ያገኘነው በእጃችን ነበርና ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከብደናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጉዞው ወዴት እንደነበር ምዕራፍ 13 ይነግረናል፤ በፊት ወደ ሠራው መሠዊያ ተመልሶ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ። ምሕረት ለእርሱ በቂ ከሆነ ለእኛም በቂ ነው።

ወገኖች፣ በባዕድ አገር ስንኖር ፊታችን ላይ የምናቆማቸው ሰዎች አሉ። በማመልከቻ ላይ፣ በስልክ ላይ፣ አንዳንዴም በጉባኤ መሀል። ዛሬ በጸሎት ሰዓታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከኋላቸው የደበቅነው ማንን ነው? ራሳችንን ብቻ ነው ወይስ አጠገባችን ያለውንም?

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ አንተ በስማችን ጠርተኸናልና ስማችንን ከመደበቅ አድነን። ፍርሃታችንን ታውቃለህ፤ እንጀራችንም በእጅህ ነው። በውሸታችን የጎዳናቸውን እንድናይ ዓይናችንን ክፈት፤ ይቅርታ ለመጠየቅም ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።