ስለ መነጽር ጥቅም

ከሰው አካል ሁሉ ዓይን የከበረ መሆኑን የሚክድ የለም። ያገራችን ሰው የሚወደውን ልጅ «ዓይኔ» ብሎ ይጠራዋል፤ የሚያምነውን ወዳጅ «ዓይንና ጆሮዬ ነው» ይለዋል፤ ሲምልም «ዓይኔን ያጥፋው» ይላል። ነገር ግን ይህን ያህል የሚከበረውን ዓይን ለማስመርመር ወደ ሐኪም የሚሄድ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ጥርስ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣል፤ ዓይን ግን ሕመሙን ሳያሰማ ቀስ በቀስ ያጎድላል። ደግሞም ሰው የባልንጀራውን ዓይን ተውሶ ማየት ስለማይችል፥ እርሱ የሚያየውን ዓለም ሌላውም እንዲሁ አድርጎ የሚያየው ይመስለዋል። እኔ እስከ 43 ዓመት ዕድሜዬ ድረስ ጨረቃ በላይዋ ሌላ ደብዛዛ ጨረቃ የተደረበባት፥ የመብራትም ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች ጭራ ያለው ሆኖ ይታየኝ ነበርና፥ የፍጥረታቸው ጠባይ ነው እንጂ የዓይኔ ነው ብዬ አልጠረጠርሁም። የዚህን ነገር አካሄድ ልጆች ላሏቸውና በጽሕፈት ሥራ ለሚኖሩ አንባብያን ይጠቅማል ብዬ ለመጻፍ ወደድሁ።

እኔ በደቡብ ወሎ፥ በቦረና ወረዳ፥ በመካነ ሰላም ከተማ የምኖር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አገራችን ደጋ ናት፤ ባንድ ወገን ወደ አምባ ፈሪት ተራሮች ትወጣለች፥ በምዕራብ ወገን ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች። ክረምት በገባ ጊዜ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ከተማውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፊደል ሲደበዝዝብኝ በክረምት በጉሙ፥ በበጋ በአቧራው፥ ማታም በኩበት ጢስ ማመካኘት ቀላል ነበር።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት ተምሬአለሁ። በዚያ ትምህርት ከዓይን ይልቅ ጆሮ ብዙ ሥራ ይሠራል። የኔታ ቃሉን ያሰማሉ፥ ልጅም ተቀብሎ ደጋግሞ ይለዋል፤ ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ልጅ ገጹን በደንብ ቢያይ ወይም ባያይ ማንም አያውቅበትም። ከሊቃውንት መካከል ዓይነ ስውራን ሳሉ ቅኔውንና ትርጓሜውን አደላድለው የሚያስተምሩ መገኘታቸው የዚህ ትምህርት ክብር ነው። ከዚያም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ በዚያ ትምህርቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል እንጂ በጆሮ አይሰጥም። እኔም ከፊተኛው ወንበር ላይ እየተቀመጥሁ፥ ዓይኔንም ጠበብ አድርጌ እየከፈትሁ፥ ያልታየኝንም ከጎረቤቴ ደብተር እየገለበጥሁ ትምህርቴን ፈጸምሁ።

የፍርድ ቤት ጽሕፈት ግን በቃል የሚያዝ አይደለም። ያገራችን ፊደል ባለቤቱ እንኳ ልብ የማይለው አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የቃሉ ፍች ሁሉ በትንሽ ቅጥያ ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ነው። «ሸጠ» እና «ሸጡ» የሚለያዩት ከጎን በወጣች አንዲት አጭር ጭረት ነው። «ከአባቱ የወረሰው መሬት» እና «ከአባቷ የወረሰው መሬት» የሚለያዩትም ከፊደሉ ላይ በተጨመረች በእንዲሁ ያለች ጭረት ነው፤ በዚያች ጭረት ግን አንዱ ቤተሰብ ባለመሬት ሆኖ ይገባል፥ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። በእኔ ዓይን ደግሞ የፊደሉ ቋሚ እግር ጥርት ብሎ ሲቆም፥ በአግድም የወጣችው ጭረት እንደ ቅቤ ትቀልጥ ነበር።

ስለዚህ የውሳኔ ግልባጭ ባዘጋጀሁ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳላነበውና ለባልደረባዬ ጮክ ብዬ ሳላሰማው ለማኅተም አላቀርብም ነበር። በዚህ ጥንቃቄ የሰው መብት ተጠበቀ፤ ነገር ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ፥ ባለጉዳዮችም በደጅ ብዙ ቆሙ፥ እኔም ወደ ማታ ግንባሬን በነጠላ አስሬ የምተኛ ሆንሁ። ዕድሜዬ 40 ካለፈ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። እንጀራዬ በዓይኔ ላይ የቆመ፥ በእኔም እንጀራ የሚያድሩ አምስት ነፍስ ያሉ ስለ ሆነ፥ ሥራውን ብተው ምን እበላለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርሁ።

አስቀድሞ የሞከርሁት ከገበያ የሚሸጠውን መነጽር ነው። ነጋዴው በጨርቅ ላይ ደርድሮ «ጌታው፥ የሚስማማዎን ይምረጡ» አለኝ። ፊደሉን አጎላልኝ፤ ነገር ግን የደበዘዘው ደብዝዞ ጎላ እንጂ አልጠራም፥ ራስ ምታቱም ጨመረ። ምክንያቱን ኋላ ከሐኪም ተረዳሁ። እንዲህ ያለው መነጽር በሁሉም ወገን እኩል የሚያጎላ ስለ ሆነ በዕድሜ ምክንያት የቅርብ ነገር ለራቀበት ሰው ይረዳል፤ ዓይኑ በአንድ ወገን ብቻ ለተዛባ ሰው ግን አይበቃም።

ከዚህ በኋላ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ሄድሁ፤ ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ባደረጉበት በቦሩ ሜዳ ወደሚገኘው ሆስፒታል ደረስሁ። በዚያ የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚወጋም የሚያቃጥልም ነገር የለበትም። መጀመሪያ ወደ ልዩ ልዩ ወገን የዞረ አንድ ምልክት በሩቅ ተሰቅሎ፥ አፉ ወዴት እንደ ዞረ በእጅ እንዳመለክት ታዘዝሁ። ማንበብ የማያውቅም ሰው እንዲመረመርበት የተበጀ ነው። ስንት ዓመት በጽሕፈት የኖርሁ ሰው እንደ ሕፃን በጣቴ ሳመለክት፥ ከኋላዬ ተራ የያዙ አንዲት አሮጊት «አይዞህ ልጄ፥ እኔም አልታየኝም» ብለው አጽናኑኝ።

ቀጥሎ መርማሪው ልክ እንደ ሰዓት ዙሪያውን መስመር የተሠመረበት ክብ ሥዕል አሳየኝ። ከ12 ወደ 6 የሚወርደው መስመር እንደ ቀለም ጠቁሮ ታየኝ፤ ከ9 ወደ 3 የሚሄደው ግን አመድ መስሎ ተበተነ። መርማሪውም «ሁሉም መስመር እኩል የጠቆረ ነው» ባለኝ ጊዜ ዝም አልሁ። ከዚያም ባዶ የመነጽር ክፈፍ በአፍንጫዬ ላይ አኑሮ መስተዋቶችን እየለዋወጠ «ይህ ይሻላል ወይስ ያ?» እያለ ብዙ ጊዜ ጠየቀኝ። በመጨረሻ አንዱን መስተዋት በክፈፉ ውስጥ ጥቂት ባዞረው ጊዜ አመድ የነበረው መስመር ጠቆረ።

የዚህ ጉድለት ስም በሐኪሞች ዘንድ አስቲግማቲዝም ይባላል። ቃሉ የተወሰደው ከግሪክ ሲሆን «ነጥብ የሌለው» ማለት ነው። ከዓይን ፊት ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን፥ ኮርኒያ የምትባለው፥ እንደ ኳስ በሁሉ ወገን እኩል የከበበች ከሆነች ብርሃኑን ሁሉ ሰብስባ በአንድ ነጥብ ላይ ታሳርፈዋለች። እንደ ማንኪያ ጀርባ በአንድ ወገን ይበልጥ የጎበጠች እንደ ሆነች ግን የቋሚውና የአግድሙ ብርሃን በየበኩሉ ያርፋል፤ ስለዚህም ነጥቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ዓይንን ማጥበብ ጥቂት የሚረዳው የቆቡ ቀዳዳ የተበተነውን ብርሃን ስለሚቀንሰው ነው። በ40 ዓመት ግድም የሚብሰውም በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድና በወጣትነት ጊዜ እንደ ነበረው መተጣጠፍ ስለማይችል ነው።

መነጽር ራሱ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢጣሊያ እንደ ተሠራ ይታወቃል፤ ለዚህ ጉድለት የሚሆነው መስተዋት ግን ከዚያ ወዲህ ከ500 ዓመት በላይ ሳይገኝ ቆየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ዓ.ም. ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ጉድለቱን በገዛ ዓይኑ መርምሮ ገለጠ። በ1825 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የከዋክብት ሊቅ የሆነው ጆርጅ ኤሪ የግራ ዓይኑን መዛባት ራሱ ለክቶ፥ በኢፕስዊች ከተማ ለነበረ መነጽር ሠሪ አሳይቶ፥ በአንድ ወገን ብቻ የሚያጎብጥ መስተዋት አሠራ። ዛሬ በመነጽር ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 180 የሚጻፈው ቁጥር መስተዋቱ በየትኛው ወገን ዞሮ እንዲገባ የሚያመለክት ነው። ቁጥሩ ጥቂት ቢሳሳት መነጽሩ አይረባም፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው መነጽር መዋስ ከንቱ ነው።

መነጽሩን በደሴ አሠርቼ ባደረግሁ ቀን መሬቱ ያዘነበለ፥ የደጃፉም ደረጃ ወደ ላይ የተነሣ መሰለኝና እግሬን ከፍ እያደረግሁ ሄድሁ። መርማሪው አስቀድሞ «ጥቂት ቀን ይታገሡት፤ አያውልቁት» ብሎ መክሮኝ ነበር፤ በሳምንቱ መሬቱ ወደ ስፍራው ተመለሰ። በሥራ ገበታዬ ተቀምጬ አንድ አሮጌ መዝገብ ስገልጥ ሁለት ነጥቡ ሁለት፥ አራት ነጥቡም አራት ሆኖ ታየኝ። ያን ዕለት እስከ ማታ ሠርቼ ግንባሬን ሳላስር ተኛሁ።

የሰው ነገር ግን ከመሬቱ ይልቅ ለመለመድ ጊዜ ወሰደ። አንዱ «ሹመት መጣ መሰል» አለኝ፤ ሌላው ለኩራት ያደረግሁት መሰለው። እናቴ ግን ባየችኝ ጊዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። «ልጄ፥ ዓይንህ ሊጠፋ ነው ወይ? ምነው ሳትነግረኝ?» አለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ መነጽሩን አውልቄ ሰጠኋትና «እማዬ፥ የሚጠፋ ዓይን አይደለም፤ ለአንካሳ ምርኩዝ እንደሚሆነው ያለ ነው። በዚህ የእጅሽን ጥልፍ ከዚህ ሆኜ እቆጥረዋለሁ» ብዬ የቀሚሷን ጥልፍ ክር በክር ብነግራት ጥቂት ተረጋጋች።

በዚያ ሳምንት ግን ሌላ ነገር ልብ አልሁ። የ8 ዓመት ልጄ መጽሐፍ ስታነብ ራሷን ወደ ትከሻዋ ታዘነብላለች፥ ዓይኗንም ልክ እንደ እኔ ታጠባለች። መምህሯ «ልጅቱ ፈዛዛ ናት» ብሎ ልኮብን ነበር፤ እናቷም «አባቷን መስላ ነው» ትል ነበር። በእውነትም መምሰሏ በዓይኗ ኖሯል። ወስጄ ባስመረምራት የእርሷም ዓይን እንዲሁ የተዛባ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም እንዳስረዳኝ፥ የሕፃን አእምሮ ከደበዘዘ ዓይን ጋር ብዙ ዘመን ከኖረ ጥርት አድርጎ ማየትን ሳይማር ይቀራል፤ ያን ጊዜ መነጽር ቢደረግለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። «ለሴት ልጅ መነጽር ምን ያደርግላታል፥ ባል ያሳጣታል እንጂ» ያሉ ዘመዶች አልጠፉም። እናቷ ግን «ፊደሏን ያጣች እንደ ሆነ ባሉ ምን ያነብላታል?» ብላ መለሰችላቸው፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ይህ ጉዳይ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከ100 ሰው 1.6 የታወረ፥ 3.7 ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። እይታቸው ከደከመው መካከል ሲሦ ያህሉ የደከመባቸው መነጽር ሊያቃናው በሚችለው የብርሃን አሰባሰብ ጉድለት ነው። እርግጥ መነጽር የሁሉ ነገር መድኃኒት አይደለም፤ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፥ በአማራ አገር እጅግ የበዛው ትራኮማም በንጽሕናና በመድኃኒት ይከለከላል። የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅ ግን መርማሪው ነው። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን የእይታ ምርመራ ሙያ የሚማሩ ያገር ልጆች አሉ፤ ስለዚህ እንደ ጥንቱ ባሕር መሻገር አያሻም።

መነጽር የሚለው ቃላችን «ነጸረ» ከሚለው ከግዕዙ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ተመለከተ ማለት ነው። እንግዲህ ወላጆች አስቀድመው ልጆቻቸውን ይመልከቱ። ራሱን አዘንብሎ የሚያነብ፥ ሰሌዳውን ለማየት ከወንበሩ የሚነሣ፥ ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽና ግንባሩን የሚያመው ልጅ ቢኖር፥ ሰነፍ ነው ብለው ከመቅጣታቸው በፊት ያስመርምሩት። የመሥሪያ ቤት አለቆችም ሥራው የዘገየበትን ጸሐፊ ከመገሠጻቸው በፊት ፊደሉ እንዴት እንደሚታየው ይጠይቁት። ለመንገድና ለመነጽር የሚወጣው ገንዘብ እንደ እኔ ላለ ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በአንዲት ጭረት የሰው ርስት በሚወሰንበት አገር ጭረቷን ጥርት አድርጎ ማየት ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ለባለርስቱም ጥቅም ነው።