የዳሰሰች እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን ማለትም በእጅና በእንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና እንደማጠና የሰሙ የሰቆጣ አባቶችና እናቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «ዲያቆን ሆነህ ሳለ፥ ጠበልም እያለ፥ ሰው ማሸት ምን ይሉታል?» ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነውና በዝምታ ላልፈው አልወደድሁም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታችን የመቶ አለቃውን ብላቴና ከሩቅ ሳለ በቃሉ ብቻ ፈወሰው። ለምጻሙን ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፤ የጴጥሮስን አማትም እጇን ዳሰሳት። በቃሉ የሚያድን አምላክ ለመፈወስ መዳሰስ አያስፈልገውም ነበር፤ የዳሰሰው ሰው የሸሸውን ገላ እንዳልተጸየፈ ሊያሳየን ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውንም በጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ላከው (ዮሐ. 9)። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ጠበልና የሠለጠነ እጅ ባላንጣዎች አይደሉም፤ የአንዱ ሰጪ ስጦታዎች ናቸው።

የዋግ ሰው ይህን ያውቃል። ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ወገቧን ሲይዛት፥ እረኛው ከገደል ሲወድቅ፥ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅቤ አሙቆ፥ በጣቱ ጫፍ የታመመውን ስፍራ ፈልጎ፥ በትዕግሥት ያሻል። ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ ስማር ያ ትዕግሥት የሙያው ልብ መሆኑን አስተዋልሁ።

ነገር ግን ርኅራኄ ዕውቀትን ይሻል። የተሰበረ እግር በእንጨት ጠብቆ ሲታሰር የደም ዝውውር ይቋረጣል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ወዲያው ተፈትቶ ታማሚው ሆስፒታል ሊደርስ ይገባል፤ ቢዘገይ እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። አንድ ባት ብቻ በድንገት ቢያብጥና ቢያተኩስ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አይታሽም። «ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ሐኪም ይየው» ማለት የትሕትና ፍሬ ነው።

ሌላም ድንበር አለ። ዳማከሴና ጤና አዳም፥ ወይራና ማር የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው። የእናትን ስም ጠይቆ፥ ኮከብ ቆጥሮ ክታብ የሚያስር ግን ወጌሻ አይደለም፤ ከእርሱ እንራቅ።

ገላችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። ንዋየ ቅድሳትን በፍርሃት የሚይዝ ዲያቆን፥ የታመመችን እናት ትከሻ በምን ያህል አክብሮት ሊነካ ይገባው ይሆን? ሙያውን ስመርጥ ከአገልግሎቴ የወጣሁ አይመስለኝም። እናንተም መድኃኒት ባይኖራችሁ እንኳ፥ አልጋ ላይ ከዋለው ጎረቤታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ እጁን ያዙለት፤ ብዙዎች ከሕመማቸው ይልቅ የሚከብዳቸው የሚዳስሳቸው ማጣታቸው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።