የአንድ ዓመት ማራዘሚያ

ዘመን ሲለወጥ እርስ በርሳችን የምንለዋወጠው ቃል «እንኳን አደረሰህ» ነው። ከመደጋገሙ ብዛት አናስተውለውም እንጂ ብዙ ነገር የያዘ ቃል ነው። «እንኳን ደረስህ» አንልም። የደረሰ ሰው በራሱ እግር የመጣ ነው፤ ያደረሱት ሰው ግን በሌላ ኃይል የመጣ ነው። አድራሹ በቃሉ ውስጥ ስሙ ባይጠራም ማን እንደሆነ የሚስተው የለም። መላሹም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲል ሁለታችንም በአንድ ትከሻ ላይ ነበርን ማለቱ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ዕቅድ መጻፍ ስለ ፈለግሁ ነው። የአዲስ ዓመት ዕቅድ ነገር ዛሬ ዛሬ በየመድረኩ፣ በየሬዲዮው፣ አልፎ ተርፎም በየዐውደ ምሕረቱ ይሰማል። ዐሥር ነገር ጻፍ፣ በየወሩ ለካው፣ በዓመቱ መጨረሻ ራስህን ገምግም ይባላል። እኔ ይህን ልንቅ አልችልም፤ እንጀራዬ ዕቅድ ነውና። በሐሙሲት ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል እውላለሁ። የእኛ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ገና በሐምሌ መጀመሪያ የሚሰበሰበው ተቀማጭ፣ የሚከፈተው አዲስ ሂሳብ፣ የሚመለሰው ብድር በሠንጠረዥ ተሠርቶ በየጠረጴዛችን ይታደላል። ስለዚህ አደይ አበባ ሲፈነዳ እኔ አዲስ ገጽ አልገልጥም። ሁለት ወር ከጳጉሜን አልፎኛል፤ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሊዘጋ ሠላሳ ቀን ብቻ ቀርቶታል።

ይህ የባንክ ሠራተኛ ብቻ ዕጣ ይመስለኝ ነበር። በመስኮቱ አሻግሬ ገበሬውን ሳየው ግን እርሱም እንደኔ ነው። በደራ ሜዳ መስከረም ሲጠባ ዳጉሳው ቆሟል፤ በቆሎው እሸት ሆኗል፤ ጤፉም ምድሩን አልብሷል። ወደ ፎገራ ሲወርዱ ሩዙ በውኃ ውስጥ እንደ ቆመ ነው። ምን እዘራለሁ የሚለው ጥያቄ በሰኔና በሐምሌ ተመልሶ አልቋል፤ የሚታጨደውም ገና በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ያለው ሥራ ማረም፣ ወፍና ዝንጀሮ መጠበቅ፣ በረዶውን አሳልፍልኝ ብሎ መጸለይ ነው። የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት በክረምታቸው እምብርት፣ ምድሩ ራቁቱን ሳለ ይመጣልና ሰውን «ከባዶ ጀምር» ቢለው አይፈረድበትም። የእኛ ዘመን መለወጫ ግን ዘሩ ከበቀለ በኋላ ነው የሚደርሰው። እንደ እኔ አስተያየት የመስከረም ዕቅድ የአራሚ ዕቅድ እንጂ የዘሪ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ቤተ ክርስቲያንም በዚያች ዕለት የራሷን የዓመት ዕቅድ ታውጃለች። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን የዋለው ሐሙስ ነበር፤ ይህች ከተማ ስሟን የወሰደችበት ቀን። ካህናቱ በባሕረ ሐሳብ ቀምረው የዘመኑን ወንጌላዊ፣ አጽዋማቱንና በዓላቱን ይናገራሉ። ቁጥር ወዳድ ስለሆንሁ እኔም በልቤ አብሬ እቆጥራለሁ። በዓመተ ፍዳው 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ ነው። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፤ ሲደመሩ 30። ሁለቱ ሁልጊዜ ሠላሳን ካልሞሉ ቀመሩ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ማታ ማታ ገቢና ወጪ እንደምናስታርቀው ያለ ነገር። ከዚህ ተነሥቶ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ተባለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ይህን ያህል ታተርፋላችሁ፣ ይህን ያህል ታድጋላችሁ የሚል የለም። መቼ እንደምንራብና መቼ እንደምንደሰት ብቻ ነው የተነገረን። ቀመሩን የደረሰው በትውፊት እንደሚነገረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ ነው፤ እርሱም ከመሾሙ በፊት የወይን ቦታ የሚያለማ፣ ያልተማረ ገበሬ ነበር ይባላል። ይህን የወይን ሠራተኛ ያዙልኝ፤ ሌላ የወይን ሠራተኛ ይመጣልና።

በያዕቆብ መልእክት አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሐዋርያው የሚገሥጻቸው ሰዎች አሉ። ነጋዴዎች ናቸው፤ ወደ እገሌ ከተማ ሄደው፣ ዓመት ተቀምጠው፣ ነግደው ሊያተርፉ ያቀዱ። ዕቅዳቸው ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ግብ አለው፤ የእኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን በደስታ ያጸድቀው ነበር። የጎደለው ነገ የእነርሱ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ይህን ምዕራፍ ድሮ እንደ ጥሩ ምክር አነበው ነበር። በክልላችን ጦርነቱ ከተነሣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን እንደ ዜና ነው የማነበው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከወረታ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይከፈላል። መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን በመስኮቴ ፊት ቆሞ «ነገ ባሕር ዳር ወርጄ ዕቃ አመጣለሁ» ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ነጋዴ አልነበረም። ሁሉም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ይላል። እርግጥ ይህን ቃል የሚያላግጡበትም አይጠፉም፤ ዕዳውን ለመክፈል ያላሰበ ሰው ከማንም ቀድሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» እንደሚል ከሥራዬ ተምሬያለሁ። ሐዋርያው ግን አታቅዱ አላለም። ዕቅዱ ላይ የማን ፊርማ እንደሚቀድም ነው የተናገረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የወይን ሠራተኛ ልመለስ። በሉቃስ ወንጌል ዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ በወይን ቦታ የተተከለች አንዲት በለስ አለች። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎባት አጣ፤ ትቆረጥ አለ። ሠራተኛው ለመነላት፤ አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሣት ጠየቀ። በእኛ ቋንቋ የብድር ማራዘሚያ ማለት ነው። ማራዘሚያ ምሕረት አይደለም፤ ዕዳው አይሰረዝም። ገበሬው ቆቡን በእጁ ይዞ ሲመጣ፣ «ዘንድሮ በረዶ መታኝ፤ ጊዜ ጨምሩልኝ» ሲል፣ አዲስ የመክፈያ ሠንጠረዥ ይሠራለታል እንጂ ደብተሩ አይቀደድለትም። ምሳሌውን ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሳነበው ልቤን የሚይዘው ግን ሠራተኛው የሰጠው ዋስትና ነው። ፍሬ አስገኝልሃለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ቃል የገባው ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፍግም ሊያለብሳት ነው፤ በእጁ ያለውን ብቻ። ጌታም በለሲቱ አፍርታ እንደሆነ ሳይነግረን ምሳሌውን እዚያው ላይ አቆመው።

እኔም በ2017 ጳጉሜን ለ2018 የጻፍሁት ዝርዝር ነበረኝ፤ የግጥም መድበል ማሳተም፣ ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር፣ ደረጃ ማደግ፣ ይህን ያህል ብር መቆጠብ። መጥፎ ዝርዝር አልነበረም። ሁሉም ግን ፍሬ ነበር፤ አንድም ኩትኳቶ የለበትም። በዚያው ሰሞን የታላቅ እህቴ ልጅ ከጉና ግርጌ ተነሥቶ እኔ ዘንድ መጣ። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው፤ የቀበሌው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ዓመት ክፍል ገብቶ አያውቅም። እጁ እንደ አራሽ እጅ ሻክሯል፤ እርሳስ ሲይዝ እንደ ጅራፍ ጨብጦ ነው። ዝርዝሩን ገልብጬ በጀርባው «ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሂሳብ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንባብ» ብዬ ጻፍሁ። ሌላ አልጻፍሁበትም። ግጥሞቹ በመሳቢያ ውስጥ አሉ፤ እነርሱ ሁለት ዓመት ቢጠብቁ የሚረሱት ነገር የለም።

እናቴም ስለ ልጁ ስእለት አላት፤ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጠ ለደብሯ ጥላ ልታስገባ። በአንድ የገበያ ቀን ሌላው ባለጉዳይ እንደሚያደርገው ተራዋን ጠብቃ መስኮቴ ፊት ቆመችና የተጣጠፈ መቶ ብር አወጣች።

«ልጄ፣ ለጥላው ማጠራቀሚያ ደብተር ክፈትልኝ» አለችኝ።

«ስእለቱ ሳይደርስ ከአሁኑ ለምን ትቸኩያለሽ እማዬ?» ብላት፣

«የደረሰ ዕለት ባዶ እጄን ቆሜ እንዳላፍር ነዋ!» አለችና ከኋላዋ ወዳለው ሰልፍ ዘወር አለች፤ ሰው እያስቆምሁ ነው ብላ ነው። መቶዋን ብር ቆጥሬ ደረሰኝ ቆረጥሁላት። ስእለት ከእግዚአብሔር ጋር መደራደር ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቀብዱን አስቀድሞ የሚያስይዝ ተደራዳሪ በዚያ መስኮት እምብዛም አይገጥመኝም።

ልጁ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል ላይ ደርሷል። አንድ ማታ ማካፈል ሰልችቶት ስላየሁት ባሕረ ሐሳብ አሳየሁት፤ የሚቀጥለውን ዓመት ራሱ እንዲያወጣ ነገርሁት። 5500 ላይ 2019 ደመረ፤ 7519 ሆነለት። ለአራት ሲያካፍል ከንፈሩን ነክሶ ብዙ ቆየ፤ «ሦስት ተረፈ» አለ። ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያም ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች አልሁት። እርሳሱን አስቀምጦ ቀና አለና፣ «እንግዲያስ አንድ ቀን ተጨመረልን ማለት ነው፣ አጎቴ?» ብሎ ጠየቀኝ።