ሁለተኛው አምፑል

በነርስነት ስመረቅ ታላቅ ወንድሜ የሰጠኝ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የዚህ ዓይነቱ የኪስ ማስያ የመጀመሪያው ኤችፒ-35 እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ዋጋው 395 ዶላር ነበር። የእኔው ከዚያ በኋላ የመጣና ርካሽ ቢሆንም በ1979 ዓ.ም. ጋምቤላ ስመደብ እንደ ወርቅ ነበር የምጠብቀው። ሳይንና ኮሳይን የሚሉትን ቁልፎች ግን አንድም ቀን አልነካኋቸውም።

አንድ የክረምት ሌሊት አንዲት እናት ወባ የጣላትን ልጇን ታቅፋ መጣች። ሕፃኗ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ መዋጥ አትችልም። ክብደቷ 9 ኪሎ። ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊግራም ኩዊኒን ሲታሰብ 90 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.3 ሚሊ ሊትር መሆን ነበረበት። እኔ ግን በድካም 9 ብዬ 90 ተጫንኩ። ማሽኑ 3 አለኝ፤ አመንኩት። 2 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን አንዱን አምፑል ቀድቼ ሁለተኛውን ላነሳ ስል ጤና ረዳቱ እጄን ያዘኝ።

«ሲስተር፣ ለአዋቂ እንኳ አንድ አምፑል አይደል የምንሰጠው?»

ላብ አጠመቀኝ። እንደገና በእጄ አሰላሁት። ሕፃኗ ትክክለኛውን መጠን አገኘች፤ ከቀናት በኋላ እናቷ አዝላት ወጣች።

ዛሬ የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን በስልኩ ሲያሰላ አልከለክለውም። «መጀመሪያ በግምት ስንት እንደሚመጣ ንገረኝ፤ ከዚያ ተጫን» እለዋለሁ። ማሽን የነገሩትን ያሰላል እንጂ «አይበዛም ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ያን መጠየቅ የሚችለው ሰው ነው።