ሙቀት አይቶ ፊደል ማጣት

አምና በሐምሌ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። እሷ የማታ ፈረቃ ስትገባ እኔ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጇና ከጓደኞቹ ጋር አመሻለሁ። ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወረውራሉ፤ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው ይጫወታሉ። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይሉታል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጨዋታ ነው። መቼም የቀድሞ መምህር ነኝና ጊዜ ማባከኛ ነው ብዬ ፊቴን አጥቁሬ ነበር። በሦስተኛው ምሽት ጭቅጭቅ ሲነሳ ግን ወንበሬን አስጠጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚጫወቱት በአሮጌው ደንብ ነው። የእህቴ ልጅ «ድዋርፍ» የሚባል አጭር ተዋጊ ሆኗል፤ በጨለማ እስከ 60 ጫማ ድረስ ሙቀት ያያል፤ ስሙ «ኢንፍራቪዥን» ነው። ዋሻ ውስጥ ደብዳቤ አገኙ፤ ችቦ ጠፍቷል። «እኔ አነበዋለሁ!» አለ። ተራኪው፣ «አታነብም!» አለው።

ተራኪው እውነት አለው። ወረቀቱም ቀለሙም የዋሻውን ያህል ቀዝቅዘዋል፤ ልዩነት ከሌለ ምን ይታያል? ሰው በ37 ዲግሪው ቦግ ብሎ ይታያል፤ የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። የሚራመድ አፅም እንደ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነውና ሳይታይ ይደርሳል። ችቦ ቢያበሩ ደግሞ ግለቱ ዓይኑን ያጭበረብረዋል። ደሞስ የገዛ ዓይኑ ሙቀት እንዴት አይጋርደውም? እንዲህ ያለው ክርክር ማለቂያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ኢንፍራቪዥንን አስቀርቶ ጨለማን በጥቁርና ነጭ የሚያሳይ «ዳርክቪዥን» ተክቶበታል።

ጓደኞቹ ሲሄዱ ልጁ ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አመጣ። የእናቴ የእጅ ጽሑፍ! ሲወለድ የላከችለት ነው፤ ዛሬ እሷ የለችም።

«ጋሼ፣ አያቴ እንደጻፈችው አውቃለሁ። እማዬ ስታየው ታለቅሳለች። ግን ምን ይላል?»

አማርኛ ይሰማል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። ሙቀቱ ደርሶታል፣ ቃሉ አልደረሰውም። ደሜ ፈላ። ጠዋት እህቴ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀበልኳት። «ልጁን ፊደል ማስቆጠር አቅቶሽ ነው?»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ቆሜ ነው ያደርኩት። ለመሆኑ አንተ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ደብዳቤ ጻፍክለት?»

እንግዲህ ምን ይባላል? ለስንቱ ተማሪ የልቦለድ ደብዳቤ ሳብራራ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለእህቴ ልጅ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። በየበዓሉ ስልክ እደውላለሁ፤ «ጎበዝ፣ በርታ!» እላለሁ። ያ ሙቀት ነው። ሰው እንዳለህ ያሳይሃል፤ ማን እንደሆነ ግን አይነግርህም።

ማታ መብራቱን አብርተን ደብዳቤውን አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። ስጨርስ፣ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቱን ይዤ አሳየሁት። ሦስት ፊደል ነው። ወረቀት አምጥቶ፣ እያየ፣ አሥር ጊዜ ጻፈው። መካከለኛው ፊደል እስከ መጨረሻው ድረስ ተጣሞበት ነበር።