ከባንኮክ ወጣ ብሎ

ባንኮክ ደርሶ አዩታያን ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ ያሳዝነኛል። ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ ነው? ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በባቡር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1351 ጀምሮ የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ መናገሻ ነበረች። ሦስት ወንዞች ከበው ደሴት አድርገዋታል፤ በዚያው ውኃ የቻይና፣ የጃፓን፣ የፋርስና የፖርቱጋል ነጋዴ ይጎርፍባት ነበር።

በ1767 የበርማ ጦር አቃጠላት። አንገታቸው የተቆረጠ የቡድሃ ሐውልቶች ዛሬም በረድፍ እንደተቀመጡ ናቸው። በዋት ማሃታት ቤተ መቅደስ ግቢ ግን አንድ የድንጋይ ራስ አለ፤ የዛፍ ሥር ዙሪያውን አቅፎ ይዞታል። ያ ሁሉ እሳት አልፎ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም! ከፊቱ ፎቶ የሚነሣ ሰው ከድንጋዩ ራስ ከፍ እንዳይል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ሥርዓት እጅግ እወደዋለሁ፤ ሰው ቁጭ ሲል ረጋ ብሎ ያያል።

ሲርባችሁ ሮቲ ሳይ ማይ ብሉ፦ በስስ ቂጣ የተጠቀለለ የስኳር ክር ነው፤ የከተማዋ ሙስሊሞች ሙያ። ለጉብኝቱ ብስክሌት ተከራዩ። ብቻ ማልዳችሁ ውጡ፣ የቀትሩ ፀሐይ አይቻልም።