ቤት የቀሩትንም አስመዝግቡ

ሶለሉም አለፈ፣ ማሽላውም ራስ ማውጣት ጀምሯል፣ የትምህርት ቤት ምዝገባም ደርሷል። ዛሬ ጀባ የምላችሁ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የራሳችሁ ጉዳይ ካልሆነ ለሚመለከተው ሰው አድርሱልኝ። ፌስቡክ ለሌለው ደግሞ በቃል ንገሩልኝ፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የሚመለከተው እሱን ነው።

የምጽፈው ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም እንደ እኩዮቻቸው ቶሎ መረዳት ስለሚቸግራቸው ልጆች ነው። በቢሮ ቋንቋ «ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች» ይባላሉ። እኛ ሰፈር ምን እንደሚባሉ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ።

በምዝገባ ሰሞን ከወላጅ አፍ በብዛት የምሰማው ይህችን ነው፦ «ለእሱ የሚሆን መምህር የላቸውም። መምህር ሲመጣ አስገባዋለሁ።» ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። አሠራሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ልጁ ይመዘገባል፣ መምህሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። (እሱም ከመጣ ነው፤ አልዋሻችሁም።)

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የተማሪ መረጃ ሞልቶ ለወረዳ ይልካል። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ቢሮ፣ ቢሮው ለትምህርት ሚኒስቴር። የሚጠየቀው ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት የሚለው ብቻ አይደለም። ማየት የተሳናቸው ስንት፣ መስማት የተሳናቸው ስንት፣ የእንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው ስንት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስንት እያለ በየዓይነቱ ይዘረዝራል። የብሬይል ወረቀት ቢጠየቅ፣ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ቢጠየቅ፣ ለዊልቸር መወጣጫ ገንዘብ ቢጠየቅ ያንን ቁጥር ይዞ ነው። ትምህርት ቤቱ ዜሮ ብሎ ከላከ ወረዳው ምን ብሎ ይጠይቅ? ያ ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ሆኖ ሲላክ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚያው ቀበሌ ለቅሶ ስንሄድ ግን ከጓዳ፣ ከጓሮ ብቅ የሚሉትን ልጆች ሁላችንም እናያቸዋለን።

እኛ ጋ ብቻ ያለ ችግር እንዳይመስላችሁ። የትምህርት ሚኒስቴር የራሱ ዓመታዊ ስታቲስቲክስ በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ያሳይ የነበረው፣ በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሆኑ ከሚገባቸው አካል ጉዳተኛ ልጆች ውስጥ ተመዝግበው የተገኙት ከአሥሩ አንድ ያህል መሆናቸውን ነው። ይህ እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ነው።

ሌላም አለ። ተመዝግቦ ያልተቆጠረ ልጅ። ወላጁ «ካወቁ አይቀበሉትም» ብሎ ይደብቃል፤ ልጁ ጥቁር ሰሌዳው ስለማይታየው ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ መምህሩ ገልባጭ ብሎ ይመታዋል፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሰነፍ ተብሎ ያቋርጣል። እባካችሁ ስታስመዘግቡ ተናገሩ። መዝጋቢው ዝም ብሎ ካለፈ «ይሄንንም ጻፍልኝ» በሉት። ሲጽፍም እዩት።

ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። አስፈቅጄዋለሁ። (እንዴት እንዳስፈቀድኩት ብታዩ ትስቁ ነበር፤ ስልኬን እያሳየሁ፣ እሱን እየጠቆምኩ፣ የሚያነበውን ሰው ብዛት በሁለት እጄ እየዘረጋሁ ነው።) ታናሼ ነው፤ አራት ዓመት ሳይሞላው ከባድ ትኩሳት ታሞ ከዚያ በኋላ መስማት አቆመ። ትምህርት ቤት አልገባም። ቤታችን ክፋት ኖሮ አይደለም፤ ማንም የት ይግባ ብሎ የሚያውቅ አልነበረም። መስከረም ላይ እኛ ደብተር ይዘን ስንወጣ እሱ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፣ ወፍ ይጠብቃል። ከማሽላው መልስ ከብት ነው። ዛሬ አርባን አልፏል፤ ወንጭፉ አሁንም አይስትም። ቤት ውስጥ የምንግባባበት የራሱ ምልክት አለው፤ አባታችንን በጢሙ፣ እኔን በመነጽሬ ይጠራናል። ከግቢ ሲወጣ ግን ያንን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም። ባንክ ሲሄድ የሚፈርመው በጣቱ ነው፣ እኔ ጎኑ ቆሜ። በ2013 ሐምሌ ተኩሱ ወደ ቆቦ ሲቀርብ ሰው ድምፅ ሰምቶ ሲሮጥ፣ እሱ የሮጠው ሰው ሲሮጥ አይቶ ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚባል ሙሉ ቋንቋ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። ወንድሜ ጋ አልደረሰም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ አገር ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሳዑዲ ያለች የድሮ ተማሪዬ ጻፈችልኝ። ልጇ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድረም አለባት፣ የምታድገው ቆላው ላይ አያቷ ጋ ነው። «ቲቸር፣ ብትገባስ ምን ትማራለች? መሳቂያ ከምትሆን ቤት ብትሆን አይሻልም ወይ?» አለችኝ። እዚያ ሆና በየወሩ ለደብተርና ለልብስ ትልካለች፤ ደብተሩን የሚጽፍበት የለም።

ለአያትየዋ ደወልኩላቸውና ልጅቷ ሶለል ወጥታ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እንዴታ! ሹሩባ ተሠርታ ከልጆቹ ጋር ስትዞር ነው የሰነበተችው» አሉኝ። ግጥሙን እኩል አትይዘውም አሉ፣ ጭብጨባው ግን አያመልጣትም። እንግዲህ እነዚያው ሴቶች ልጆች አይደሉ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል የሚገቡት? ለሶለል ያልሳቁባት ለክፍል የሚስቁባት ከሆነ፣ ያንን የሚያስተካክለው የክፍሉ መምህር ነው። ሥራው ነው።

ምን ትማራለች ለሚለው፦ ተራ መጠበቅ፣ ስሟን መጻፍ፣ ብር መቁጠር፣ የቀበሌዋን ስም መናገር፣ ሰው ሲጎዳት «እገሌ ነው» ብሎ ማመልከት። የመጨረሻዋን ብቻ ብትማር እንኳ ለእኔ ይበቃኛል። ከዚያ የሚበልጥ ትማራለች አትማርም የሚለውን ሳናስተምራት ማወቅ አንችልም።

አዲስ አበባ ላይ መንገዱን የከፈቱ ሰዎች አሉ። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ በፈረንጆቹ 2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ አሁን በሕይወት የለችም፣ ሥራዋ ግን አለ። ለዳውን ሲንድረም ደግሞ አቶ አባዱላ ገመዳ ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ። ከቆቦ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልጃችሁን እዚያ ውሰዱ ማለቴ አይደለም። እነሱም ከመነሳታቸው በፊት በአገሩ ምንም አልነበረም ለማለት ነው። ከወሎም ብትሉ፣ የትነበርሽ ንጉሤ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች፣ እናቷና አያቷ ሻሸመኔ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት፣ በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ ከሚያዩት ጋር ተማረች፣ ሕግ አጠናች፣ በፈረንጆቹ 2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰደች። ዓይነ ስውርነቷ ያለዕድሜ ጋብቻ እንዳስቀረላት ራሷ ስትናገር ሰምተን ስቀናል፣ ደንግጠናልም።

አንዳንድ ቦታ «አንቀበልም» ትባሉ ይሆናል። ተብለው የተመለሱ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አትጣሉ፣ አትመለሱም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። አዋጅ መጥቀስ ከከበዳችሁ እንዲህ በሉ፦ «እሺ፣ የማትቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ።» ከልምዴ፣ ይህን መጻፍ የሚፈልግ ርዕሰ መምህር ብዙ የለም። ከዚያ ወተመህ አለ፣ የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር አለ፣ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፣ ሴቶች ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ አለ። በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ስትሄዱም «በእኛ ጉድኝት የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አሠራሩ አንድ ትምህርት ቤት ላይ መሣሪያውና የሠለጠነ መምህር ተቀምጦ፣ መምህሩ በዙሪያው ያሉትን እየዞረ እንዲያግዝ ነው። የለም ካሏችሁ የለም ማለታቸውንም ያዙት።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን ሰባ ልጅ መሐል ማስቀመጥ ትምህርት አይባልም፤ አካቶ ተብሎ በወረቀት ያምራል እንጂ ልጁ አፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ ይመለሳል። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው፣ ቋንቋ የሚያድገው እንደዚያ ነው። ስለዚህ በአጎራባች ቀበሌ ሌላ እንዲህ ያለ ልጅ ያለውን ቤተሰብ ፈልጉና ተነጋግራችሁ አንድ ትምህርት ቤት አስመዝግቡ። ሦስት ልጆች ሦስት ትምህርት ቤት ተበትነው ማንም አያያቸውም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ «ክፍል ክፈቱልን» የሚያሰኝ ቁጥር ይሆናሉ።

ዓይነ ስውር ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ መንገድ የሚመራው ወንድም ወይም እህት ካለ ሁለቱም አንድ ፈረቃ እንዲገቡ በምዝገባው ቀን ጠይቁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ሲሆን መሪው ልጅ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ይውልና ኅዳር ላይ ሁለቱም ያቋርጣሉ። 8ኛና 12ኛ ክፍል የደረሱ ካሉም፣ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልጋቸው መሆኑ በፈተና ምዝገባው ጊዜ ይመዝገብ። በፈተናው ዕለት ፈታኙን መለመን አያዋጣም።

ከትምህርት ቤት በፊት ጤና ጣቢያ የሚያስኬድም ጉዳይ አለ። ጆሮው መግል የሚፈሰው ልጅ «ያድግና ይተወዋል» እየተባለ ነው መስማቱን የሚያጣው። ዓይኑ የሚቀላውና የሚያለቅሰው ልጅም እንደዚሁ፤ ትራኮማ በአገራችን ክፉኛ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ የእኛው ክልል ነው፣ በጊዜ ከተያዘ ግን ይታከማል። ከፍ ላለ የዓይን ሕክምና ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። በጦርነቱም ሆነ ወድቆ በተገኘ ፈንጂ እጅ እግራቸውን ላጡ ልጆች ደሴ የአካላዊ ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ልጅ ያድጋል፣ ሰው ሠራሽ እግሩ ግን አብሮት አያድግም፣ ስለዚህ በየጊዜው መመለስ ያስፈልጋል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ፣ መጀመሪያ ደውላችሁ ሂዱ።

ስለ የሚጥል በሽታ ደግሞ ልድገመው፦ አይተላለፍም። አረፋውን መንካት አያስተላልፍም፣ አንድ ወንበር መቀመጥም አያስተላልፍም። ፊኖባርቢታል የሚባል ርካሽ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ካዘዘው በየቀኑ ሳይቋረጥ መውሰድ ነው። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚከለክላችሁ የለም፣ ኪኒኑን ግን አታስቁሙት። ልጁ ክፍል ውስጥ ቢወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት አትጫሩበት። ሲነቃ ወደ ቤት አታባርሩት፤ አርፎ ወደ ክፍሉ ይመለስ።

አሁን ደግሞ መምህር ለሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ። ከናንተ መሐል ስንቱ ጠመኔ እንደያዘ አውቃለሁ፣ ደመወዙንም አውቃለሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለም አውቃለሁ። ሥልጠና ሳይኖር ብዙ አልጠይቃችሁም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳውን ማንበብ የሚያቅተውን ለዩና ከፊት አስቀምጡት። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ አታውሩ፤ ግማሽ የሚሰማው ልጅ ፊታችሁን አይቶ ነው የሚሰማው። የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ለማያየው ልጅ ያ ብቻውን ግማሽ ትምህርት ነው። ሌላው ይቆይ።

ትምህርት ቤታቸው ገና ያልተከፈተላቸው ቀበሌዎች እንዳሉ አልረሳሁም። ከ2013 ወዲህ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የኖርንበት ነው። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲከፈት ሌላው ልጅ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ እነዚህ ልጆች ግን የሚጠራቸው ከሌለ አይመለሱም። ዝግ ቢሆንም ስማቸውን አሁን ለርዕሰ መምህሩ ስጡት፤ የሚከፈትበት ቀን ዝርዝሩ በእጁ ይሁን።

እኔም ዝርዝር መያዝ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዋጃም ቢሆን የምታውቁት ልጅ ካለ ዕድሜውን፣ ቀበሌውንና የሚቸግረውን ነገር በኢንቦክስ ላኩልኝ፣ አጎራባቾቹን ላገናኛቸው። ኮሜንት ላይ ስም አትጻፉ፣ የልጅ ፎቶ አትለጥፉ፤ ላይክ መሰብሰቢያ አይደሉም። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ካለ እመልሳለሁ፤ ከዘገየሁ ኔትወርክ የለም ማለት ነው፣ አብሽሩ፣ ደግማችሁ ጻፉ።

መልካም አዲስ ዓመት።